ውሃ መንገድ እንዲያቋርጥ ስለቀረበው ማመልከቻ

ለተከበሩ የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎም፣ ወንበርዎም፣ በመስኮትዎ ሥር ቀኑን ሙሉ በጎማ ውሃ ሲጠጣ የሚውለው ሣርም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በኮሪደርዎ ይቆም የነበረው የብርቱካን ገበሬ ሚስት ነኝ። ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ደጅ ጠኚው ብዙ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ወንዙ ከመንገዱ ወዲያ፣ አርባዎቹ የብርቱካን ዛፎቻችን ከመንገዱ ወዲህ ናቸው። ቆፋሪው መንገዱን እንደነበረ እስከመለሰ ድረስ የመስኖ ውሃ በመንገድ ሥር በቱቦ እንዲያልፍ ሕጉ ይፈቅዳል። ባለቤቴም ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሶ “የመስኖ ቱቦ መንገዱን እንዲያቋርጥ ይፈቀድልኝ” ሲል አመለከተ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ማመልከቻውን ነገሬ ብለው ስላነበቡልን እናመሰግናለን። “ማቋረጥ” የምትለዋን ቃል እኛ መሻገር ስንላት እርስዎ መቁረጥ ብለው ተረድተው፣ “መንገድ ማቋረጥና ትራፊክ ማስተጓጎል በሕግ ያስጠይቃል” የሚል ማስጠንቀቂያ በማኅተም አስደግፈው ላኩልን። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ! ባሌ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

፪. “መሻገር” ብሎ ቢያስተካክለው፣ ቃሉ ስለተለወጠ ፋይሉ እንደ አዲስ ይከፈት ተባለ። ተከፈተ። ቀጥሎ ከአስፋልቱ ሥር የስልክ መስመር አለና የስልኩን መሥሪያ ቤት ጠይቅ አላችሁት፤ እነሱ ደግሞ መንገዱ የእኛ አይደለም ብለው ወደ እናንተው መለሱት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ።

፫. ዛፍ ፊርማ አይጠብቅም፤ ስለዚህ በሁለት ጀሪካን ከወንዙ እየቀዳ፣ መንገዱን እየተሻገረ ያጠጣቸው ጀመር። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ተው ስለው፣ አንቺ ደግሞ፣ አሥራ አንድ ሜትር መንገድ ምን አላት ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ የጫነ መኪና ደረሰበት። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት “መንገድ ሲያቋርጥ ተገጭቶ ሞተ” ይላል፤ ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ቃሏን በትክክል የተረዳልን እሱ ብቻ ነው። ጀሪካኖቹን አመጡልኝ። አንደኛው እስከ ግማሹ ውሃ ነበረው። ምን ላድርገው፣ ወስጄ ለዛፎቹ አፈሰስኩላቸው።

፬. አራተኛ የለኝም። ደክሞኛል።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄዎን ለሌላውም ገበሬ እንዳይነፍጉ እየተማጸንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ የምትሻገር ታዛዥዎ፣

የብርቱካኑ ገበሬ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈቃዱ ደብዳቤ ትናንት ደረሰን፤ እግዜር ይስጥልኝ። አመልካቹ በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠራል ይላል። በአካል መቅረቡን እንኳ ይማሩት። እንደተወው ግን አይቁጠሩበት፤ እሱ አልተወም።