የደራሲያችን የክርስትና ስም

የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህ? ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። የሙት ዓመት ተዝካርህንም አወጣን።

እኔ አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ከሰናይት ጋር ነኝ። ልጅህ ቂሊንጦ ፋብሪካ ገብታለች፤ ጠዋት ሰርቪስ እንዳያመልጣት ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ቁርጥ አንተን ትመስለኛለች። መጻሕፍትህን ሳሎን ደርድራልሃለች። ቴሌቪዥኑ ቦታ አጥቶ መሬት ወረደ፤ ደስ ይበልህ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ደራሲያችን ነው። ደራሲያችን እላለሁ እንጂ ያንተ ነበር። ከፋብሪካ ደክመህ ገብተህ እንኳ መጽሐፉን ጮክ ብለህ ስታነብልኝ፣ የሴቶቹን ድምፅ ስታቀጥን፣ በሳቅ ልትገድለኝ ነበር። ያ አገር ሁሉ የሚያውቀው ሰው እዚሁ አቃቂ፣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን መቀበሩን ስትሰማ ጊዜ በየዓመቱ መቃብሩን እንሳለም አልክ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሰዋለህ? ፍትሐት እንዲያደርጉለት ቄሱን ለመንክ። የክርስትና ስም ሲሉህ ደንገጥ ብለህ የራስህን ሰጠሃቸው። ወልደ ኪዳን! በቁምህ ፍትሐት ተደረገልህ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። ቄሱን ማረም አፈርክ፤ ትክክለኛውንም አታውቀውም፤ መጽሐፉ ላይ የለ፣ መቃብሩ ላይ የለ። እሳቸው ደግሞ አይረሱም፤ በዓመቱ ገና ሲያዩን ወልደ ኪዳን ብለው ይጀምራሉ። ሟርት ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ፣ እግዜር ማንን እንዳልን ያውቃል ትለኝ ነበር። አልጋ ላይ ስትውል ግን ነገሩ ከነከነህ። ሰውዬው በኔ ስም እንዳይቀር፣ አደራ፣ ስሙን ፈልጊለት አልከኝ።

አገኘሁልህ። ዘንድሮ ስሄድ አንዲት እናት መቃብሩን ይጠርጋሉ፤ ለካ እህቱ ናቸው። ጉዳችንን ስነግራቸው መጥረጊያቸውን ጥለው ሳቁ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ ገብረ ማርያም ነው ልጄ፣ አሉኝ። ዘመድ እግሩን ሲያሳጥር ባዕድ ሰው ወንድሜን ሲጠይቅ ኖረ ብለው ብዙ መረቁህ። ምርቃቱ ሁሉ ላንተ ነው፤ ተቀበል።

ቄሱ ዘንድ አብረን ሄድን። አርጅተዋል። የሆነውን ሰምተው፣ ታዲያ ወልደ ኪዳን ማነው ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ነው፣ እሱም አረፈ አልኳቸው። መስቀላቸውን አነሱ። ገብረ ማርያም አሉ። ቀጥለው ወልደ ኪዳን አሉ። እዚያ ቦታ በሰማሁት ቁጥር ሳቄን የምታገለው ስም ዘንድሮ ያንተ ሆነና አለቀስኩ።

ተመስገን ነው፤ አንተንም አመሰግንሃለሁ። ባታነብልኝ ኖሮ ያን ሰው በምን አውቀው ነበር? እንደዚያስ መሳቅ ከየት እማር ነበር? በየዓመቱ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሲደክም ሰናይት ትሄዳለች፤ ነግሬያታለሁ። አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። እስክንገናኝ ድረስ ሁለታችሁንም በየስማችሁ አስጠራለሁ።

ሚስትህ