የኤርሲዶ ውሃ

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 2006 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ፣ ሱቃችሁ ሰላም ነው? ብርዱስ ለቀቀሽ? እኛ ከዝናቡና ከጭቃው በቀር ደህና ነን ልልሽ ብዕር አነሳሁ፤ ለካ በጽሑፍም መዋሸት ይለመዳል። ደህና አይደለንም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ረምላ ናት፣ የቦኖሻዋ ሙሽራ። እንዳንቺው በፎቶ ታጭታ፣ እንዳንቺው በአውሮፕላን ደቡብ አፍሪካ መምጣቷ ነው። በኢሜል ያልጻፍኩልሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ፈትሁዲን ኢንተርኔት ቤት ከገባሁ ሁለት ወር አለፈኝ፤ በሩ ላይ ስደርስ እመለሳለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ባለቤትሽ ቤት ካለ አጥፈሽ አስቀምጪው።

ጥጉ ላይ ያለውን ኮምፒውተር መቼም አትረሺውም። ሰው ሁሉ ዲቪ ሲሞላ እናንተ የሌለ አገር ትሞላላችሁ እያለ ፈትሁዲን ሲስቅብን! እውነቱን ነበር። ለምንጽፈው ልብ ወለድ ስም የሚያወጣውን ዌብሳይት እኔ አገኘሁ፤ ምላስ የሚሰብር ስም እየሰጠ ሲያስቸግረን ትተነው የአያትሽን ስም ለጀግናችን ሰጠነው፣ ኤርሲዶ። ካርታ የሚሥለውን አንቺ አገኘሽ። ምዕራፋችንን የሚያነቡልን የፎረሙ ሰዎችም ነበሩ። ያቺ ነዝናዛ ሴትዮ ትዝ ትልሻለች? የተአምራችሁን ደንብ በአንድ ገጽ ጻፉ ብላ ያስጻፈችን። እኛም ኤርሲዶ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ይጠጣል ብለን ጻፍን። ታዲያ ጥሙ የት ይሄዳል፣ ማን ይጠማለታል ብላ ጠየቀችን። ምን አገባት ብለን ሳቅንባት።

ከሁሉም የምወደው ግን ያን የመንገድ ማስያ ነበር። ጀግናው በእግሩ ነው በበቅሎ፣ ሜዳ ነው ጫካ፣ ምን ያህል ይሸከማል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣል፤ ይህን ስትሞይለት ቀኑንና ውሃውን አስልቶ ቁጭ ያደርገዋል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብቻዬን እየገባሁ ስንቱን መንገድ አሰላሁበት።

ወንድሜን ያሲንን ታውቂው የለ፤ ሚኒባሱን ከሆሳዕና ሾኔ እየነዳ፣ ማታ ቤት ሲገባ ደብተሬን ካየ ይኼ ቅዠትሽ አላለቀም ወይ የሚለኝን። አንድ ገጽ አንብቦልኝ አያውቅም። በጥር ወር አንድ እሁድ ከሰዓት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ኤርሲዶ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። የምሬን ነው፣ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሐይቁን ሊሻገር ነው አልኩት። ከሐይቁ እስከ ድልድዩ ስንት ቀን ይፈጅበታል አለኝ። ቁጥቋጦ ነው ወይስ ገላጣ አልኩት። ቁጥቋጦ ነው፣ ሰውም የለበትም፣ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አድርጊው አለኝ። ያኔ አንቺም ይህንኑ ምዕራፍ አፍጥኚው ብለሽ በኢሜል ትወተውቺኝ ነበር፤ ኤርሲዶ የሚሄድላት ንግሥት በማትወደው ቤት ተቀምጣ መጠበቅ ሰልችቷታል ብለሽ። ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት ታሪኬን ወደዳችሁት ብዬ ስፈነድቅ ሰነበትኩ። ሞኚት!

በማግስቱ አስልቼ ሰጠሁት። አምስት ቀን፣ አምስት ሊትር ውሃ። በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ቁልጭ አድርጎ ገለበጠው። አምስት ሊትር ብቻ አለኝ። አዎ፣ ይበቃዋል አልኩት። ለምን እንደሚበቃው አልነገርኩትም። ታሪኩን እየተከታተለ ነው ብዬ አስቤ፣ ያውቀዋል ብዬ።

በየካቲት መኪናውን አዲሎ ጋራዥ አሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ ከሞያሌ ደወለ። እንግዲህ ሞያሌ ከተባለ ወዴት እንደሆነ እዚህ አገር የሚጠይቅ የለም። እማዬ አንድ ቀን አልቅሳ፣ በሁለተኛው ቀን ዱዓ ማድረግ ጀመረች።

በግንቦት ከያሲን ጋር የሄደው የቦኖሻ ልጅ፣ ሪያድ የሚባለው፣ ተጠርዞ ተመለሰ። እማዬ ገበያ ሄዳ እያለች መጥቶ፣ በር ላይ እንደቆመ ነገረኝ። ሐይቁን ተሻግረው ሞዛምቢክ ድንበር ላይ ደላላው መኪና እስኪመጣ ጠብቁ ብሏቸው ቁጥቋጦ ውስጥ አሥር ቀን ተቀመጡ። ያሲን ትዕግሥቱ አለቀና ወረቀት አውጥቶ፣ እስከ ድልድዩ አምስት ቀን ነው፣ በእግራችን እንሂድ አላቸው። ሪያድና አንድ የሾኔ ልጅ ተከተሉት። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ያዙ። ሪያድ ፈርቶ ሌላም እንጨምር ሲለው፣ ትርፍ ሸክም ነው፣ እህቴ በኮምፒውተር አስልታዋለች፣ የተማረች ናት ብሎ ሳቀበት። ሪያድ በሁለተኛው ቀን ጀሪካኑ ሲቀልበት ተመለሰና ፖሊስ ያዘው። ከሳምንት በኋላ የሾኔውን ልጅ እሱ ወዳለበት እስር ቤት አመጡት፤ ምላሱ አብጦ መናገር አቅቶት ነበር። ሲሻለው፣ ያሲንን ዛፍ ሥር በቅጠል ሸፍኜው መጣሁ አለ።

ለሰው አይደለም እኮ ያሰላሁት። በሦስት ቀን አንዴ ለሚጠጣው ለኤርሲዶ ነው። ወንድሜ በየቀኑ እንደሚጠጣ ሰው ሆኖ እንደሚሄድ ማን ነገረኝ? አንዲት ገጽ፣ የደንቡን ገጽ ብቻ አንብቦልኝ ቢሆን ኖሮ! እኔስ ብሆን ለምን ሐይቅ፣ ለምን መቶ ሃምሳ ብዬ አልጠይቀውም ነበር? በመወደዴ ታውሬ ነው። አሁን ዶሮ ስትጠጣ ሳይ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።

የሾኔው ልጅ ወረቀቱን ከያሲን ኪስ አውጥቶት ኖሮ ሪያድ አመጣልኝ። በፊቱ የእኔ ስሌት በያሲን እጅ ጽሑፍ አለ። በጀርባው የደቡብ አፍሪካ ስልክ ቁጥር አለ። ስም የለውም። ቁጥሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እማዬ በየአርቡ ልታናግርሽ ስትፈልግ የምደውልላት እኔ ነኝ።

ምንም አልጠየቅሁሽም። እማዬን፣ ያሲን እስር ቤት ነው ይባላል፣ ባለቤቴ እያፈላለገ ነው ስትዪያት በስልኩ ውስጥ ድምፅሽ ሲቀጥን እሰማለሁ። ደርሶ ይደውልልኛል ብለሽ ስንት ቀን እንደቆጠርሽ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ አንቺን ለመርገም ምን አፍ አለኝ?

ከሪያድ የሰሙት የሰፈር ሽማግሌዎች በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ለእማዬ መርዶውን ሊነግሯት ነው። ከዚያ በኋላ መደወሏ አይቀርም። ስልኩን አንሺላት፣ አብረሻት አልቅሺ። ውሃውን ያሰላው ማን እንደሆነ ግን እንዳይወጣሽ። ሪያድም ለአላህ ብሎ ቃል ገብቶልኛል። እኔም ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ለማንም አላሳይም፤ ረምላ ይዛልሻለች፣ ከደብዳቤው ጋር የተሰፋው እሱ ነው። ከፈለግሽ አቃጥዪው።

እስከዚያው እማዬ ከስግደት በተነሳች ቁጥር እጇን ዘርግታ፣ ያ ረቢ ልጄ ባለበት ቦታ አይጠማ ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሚን እላለሁ።

አላህ ቤትሽን ያቁምልሽ። በሰው አገር ውሃ የሚያቀብልሽ አያሳጣሽ። ደጋግመሽ አልቅሰሽ ባለቤትሽ ምን ሆንሽ ቢልሽ፣ የአብሮ አደጌ ወንድም ሞቶ ነው በዪው። ውሸት አይሆንብሽም።

አብሮ አደግሽ