ፈንታዬ፣ እናኑን ለምን ዘፈንካት?

ፈንታዬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ከአንድ ሳምንት ሆነ። «ደህና ነህ ወይ?» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ለአንተ አሁን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። እኔ ደህና ነኝ ብልህ ደግሞ ውሸት ነው። ሰው ሁሉ «ጊዜ ይረዳሻል፣ ትረጊያለሽ» ይለኛል። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ወደ ግድግዳው አዛወርኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት መልሼ ጎተትኩት። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አውቶቡሱን አሳልፌ በእግሬ እመጣለሁ። ቁልፉን በሩ ላይ እንደ ሰካሁት እነቅለውና ሠፈራችንን ማሃኔ የሁዳን አንድ ዙር እዞራለሁ። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ባየኝ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። አራት ዓመት ሙሉ ከሕንጻው ኮሚቴ ጋር የተሟገትክበት አሳንሰር በመጨረሻ ተጠግኗል፤ እኔ ግን ቆሜ መጠበቅ ስለማልችል በደረጃ ነው የምወጣው። ልጃችን ሞራን ተከራይታው የነበረውን ክፍል ለቃ ወደ ቤት ተመልሳለች። «ለኪራዩ ብዬ ነው» ትላለች፤ እኔን ልትጠብቅ እንደ መጣች ግን አውቃለሁ። አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ነው የምትመልስልኝ። ጫማዎችህን ለወንድምህ ሰጠሁ። ያን ሰፊ ኮፍያህን ግን የሚወስደው አልተገኘም።

ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ተጣልተናል፣ ፈንታዬ። አንተ በሌለህበት ተጣላሁህ፤ አንተም መልስ ስለማትሰጠኝ ጠቡ ማለቂያ አጣ።

ነገሩ የሙዚቃ ባንድህ ጉዳይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከብየዳህ ወጥተህ በቀጥታ ወደ ቤት አትመጣም ነበር። ከአርጀንቲና የመጣው ጓደኛህ ሆርሄ ኪርያት ማታሎን ያለውን የአናጺ ቤቱን ሲዘጋ፣ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍታችሁ ትጫወታላችሁ። ሆርሄ በእጁ የሚመታቸው ሁለት ረጃጅም ከበሮዎች አሉት፤ ሮክ ሲሰማ ያደገው ያኒቭ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ያስጮኻል፤ የሙዚቃ አስተማሪዋ ሺራ ቫዮሊን ትጫወታለች፤ አንተ ደግሞ ጊታርህን ይዘህ ትዘፍናለህ። ስሙን «አቧራ» አላችሁት፤ በዕብራይስጡም «አቫክ» ስለሆነ ለሁላችሁም ተስማማ።

«ይህ የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ለአንተ ምንህ ነው?» ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጣሁህ።

«አንጓቼ፣ ካንትሪ ማለት እኮ ባላገር ማለት ነው» ትለኝ ነበር። «መንገድ፣ ከብት፣ ወደ ኋላ የቀረች እናት። ከዚህ የበለጠ የኛ ነገር ምን አለ?»

«ታዲያ የሆርሄ ዳንኪራ ምን ይሠራል?»

«ባላገር አይጨፍርም ያለሽ ማነው?»

ትስቅና ኮፍያህን ደፍተህ ትወጣለህ። እኔ ጎረቤቶች ያዩሃል ብዬ መጋረጃውን እዘጋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልሰማሁህም። እውነቱ ይኸው ነው።

ባለፈው ወር ሆርሄ ደወለ። በሰባቱ የለቅሶ ቀናት በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ኔቬ ኦዝ ባለው የሠፈር ማዕከል ግቢ ውስጥ ባንዱ እንዲጫወት ተጋብዟል አለኝ። አንተን እያሰቡ ሊጫወቱ ነው። ሺራ በአንተ ፈንታ ትዘፍናለች።

«የመጨረሻውን ዘፈኑንም ልንጫወት እንፈልጋለን፤ ያንቺን ፈቃድ ግን እንጠይቅ ብለን ነው» አለ።

«የቱን ዘፈን?»

«እናኑን።»

ፈንታዬ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ለአንተ ላስታውስህ አይገባኝም፤ ግን ተቆጥቼ ስለሆነ አስታውስሃለሁ። ሞራን በተወለደች ቀን፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ልጃችንን ደረትህ ላይ አስተኝተህ ሳለ ነበር የነገርኩህ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ታናሽ እህቴ እናኑ ስድስት። ከጎንደር በእግር ተነስተን ሱዳን ካምፕ ገባን፤ እዚያ ኩፍኝ ያዛት። እናታችንም ታማ ተኝታ ነበር። አባቴ ጀሪካን ሰጥቶ ውኃ ቅጂ ብሎ ወደ ሰልፉ ላከኝ። ሰልፉ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ውኃው አልቋል፣ ሰዉም ተበትኗል። ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። እናኑ ያን ቀን ማታውን አላየችም። አባቴ አንዲት ቃል አልተቆጣኝም፤ ያም ባሰብኝ። ይህን ነግሬህ «ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ፣ ለማንም እንዳትናገር» አልኩህ። «እሺ» አልክ። ሃያ ሁለት ዓመት እሺታህን ጠበቅክ ብዬ አምኜህ ኖርኩ። ለካስ ከአናጺ ቤት ውስጥ በከበሮ ታስጨፍርባት ኖሯል!

ሐሙስ እስኪደርስ ምግብ አልበላልኝም። ከሥራ እንደ ወጣሁ ወደ ኪርያት ማታሎን በእግሬ ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ጋራዦቹን አልፌ፣ አንተ የሠራህበትን የብረት ቤት ላለማየት በሌላው መንገድ ዞሬ፣ ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። ልከለክላቸው ነው የሄድኩት። የምናገረውን ሁሉ በመንገድ ላይ በዕብራይስጥ አዘጋጅቼው ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። እነሱ ጀምረዋል። ሺራ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንተ በላቲን ፊደል የጻፍክላትን እያነበበች፣ በተሰባበረ አማርኛ ትዘፍናለች፦

«እናኑ ዝለይ እናኑ፣
ገና ነው ቀኑ፤»

የሆርሄ ከበሮ ይሮጣል፤ የያኒቭ ጊታር ከኋላ ያጉረመርማል፤ ቫዮሊኑ ደግሞ በመካከል ልክ እንደ ማሲንቆ ይጎተታል። የሚያስጨፍር ዘፈን ነው፣ ፈንታዬ! እንጉርጉሮ እንኳ ቢሆን ኖሮ። እጄን አንስቼ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አላውቅም፤ በአማርኛ እንደሆነ ግን ከፊታቸው ተረዳሁ። ሁሉም አቆሙ።

ሆርሄ ከበሮውን ትቶ መጣ። ወንበር አቀረበልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«እህቴ ናት» አልኩት። «የሞተች ልጅ ናት። ለምን ታስጨፍሩባታላችሁ?»

«እህትሽ መሆኗን አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። ይህ ለለቅሶ የሚሆን ነገር አይደለም ወይ አልኩት። ፈንታ ምን አለኝ መሰለሽ? ይህች ልጅ አንድ ቦታ የማትቀመጥ ዘላይ ነበረች፤ አያቷ ‹ፌንጣ› ይሏት ነበር፤ በለቅሶ ዜማ ካደረግናት ሁለተኛ እንገድላታለን አለኝ።»

ፌንጣ። ቃሉን ከሆርሄ አፍ ስሰማ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ለአንተ ፌንጣ ብዬ አልነገርኩህም። ራሴም ረስቼው ነበር። የእናኑን መሞት ብቻ ነበር ይዤ የቆየሁት፤ መኖሯን ጥዬው ነበር።

«ይህን ማን ነገረው?» አልኩት።

«አባትሽ። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ አጠገባቸው ይቀመጥ አልነበር? ያኔ ነው የነገሩት። ሁለተኛውንም ስንኝ ከእሳቸው የሰማውን ነው የጻፈው።»

ሺራ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ከላቲኑ ፊደል በላይ በራስህ እጅ በአማርኛ የጻፍከው አለ፤ ያ ወደ ቀኝ የሚያጋድል ጽሕፈትህ፦

«በእህትሽ ጀርባ ላይ ሆነሽ፣
ስንቱን ተራራ አለፍሽ፤»

ሆርሄ አባቴ የነገረህን ነገረኝ። እናኑ እግሯ ቆስሎ መራመድ ሲያቅታት ሦስት ቀን ያዘልኳት እኔ ነኝ። አባቴ እናቴን ደግፎ ስለነበር እጁ አልተረፈም። «ገና ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፣ ትደክሚያለሽ» ቢለኝ አላወርድም ብዬ አለቀስኩ አሉ። ፈንታዬ፣ ይህን አላስታውስም። እውነት አላስታውስም። ግን ትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር አወቀው። ጀሪካኑን እንጂ ሌላ ነገር የተሸከምኩ አይመስለኝም ነበር።

ስለ ሰልፉ፣ ስለ እንቅልፌ ዘፈኑ ውስጥ ፈለግኩ። የለም። ለሆርሄም አልነገርከውም። ያን ብቻ ለእኔ ተውከው።

ወረቀቱን ልመልስላት ስል የመጨረሻው መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ፦ «ከወንዙ ዳር አረፍሽ» ይላል። እንደገና ተቆጣሁ። ባለቅኔው ባሌ! ዜማው እንዲያምር ወንዝ ጨመርክበት።

«ይህ ውሸት ነው» አልኳቸው። «ወንዝ አልነበረም። ወንዝ ቢኖር ኖሮ እናኑ ዛሬ ልጆቿን ለወግ ታደርስ ነበር።»

 ያኒቭ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ ያዛቸው። ሺራ እርሳስ አቀበለችኝ።

«አንቺ ጻፊው» አለችኝ።

ወንዙን ስሰርዝ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። «ከእሾሁ ሥር አረፍሽ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ የቀበራት ከአንዲት የእሾህ ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ሌላ ጥላ አልነበረም። ከዚያ ሺራ «እሾህ» ማለት እንድትችል ሩብ ሰዓት ያህል አስተማርኳት። ልከለክል ሄጄ አማርኛ አስተምሬ ተመለስኩ፤ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

የተጫወቱት ባለፈው ማክሰኞ ነው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል። ግቢው ሞልቶ ነበር፤ የኛም ሰው፣ ሩሲያዎቹም፣ ከሆርሄ አገር የመጡትም። እኔና ሞራን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። የአንተን ሌሎች ዘፈኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ስለ ብየዳ ብልጭታ የዘፈንከውን፣ አውቶቡስ ስላመለጠው ሙሽራ የዘፈንከውን። ደህና ናቸው። አንዳንዱ ይረዝማል፤ በሕይወትህ ሳለህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

«እናኑ» ሲጀምር ሕፃናቱ ወደ መድረኩ ሮጡና መዝለል ጀመሩ። አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ትከሻቸውን ወዘወዙ። እኔ ማልቀስም መጨፈርም አልሆነልኝም። ተነሳሁና ሕንጻውን መዞር ጀመርኩ፤ ሙዚቃው በግድግዳው በኩል ይከተለኛል። በሁለተኛው ዙር ላይ ሞራን ደረሰችብኝ።

«ኢማ፣ ቁሚ!» አለችኝ በዕብራይስጥ። «ማን ናት እናኑ?»

«አክስትሽ።»

«አክስት የለኝም እኮ።»

«ነበረችሽ» አልኳት።

ከዚያ ቆምኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ሁሉን ነገርኳት፤ መንገዱን፣ ኩፍኙን፣ ሰልፉን፣ እንቅልፌን፣ ባዶውን ጀሪካን። በአማርኛ ነው የነገርኳት፤ በሌላ ቋንቋ አይወጣልኝም። ፊቷን እፈራ ነበር። ልጄ ምን ብላ ታየኛለች ብዬ ነው ያን ሁሉ ዓመት አፌን የዘጋሁት።

 ሞራን የምትሠራውን ታውቃለህ፣ በዕረፍቷ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ታስጠናለች። በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች እንዲህ አለችኝ፦

«ኢማ፣ የኔ ተማሪዎች… ጫማቸውን ማሰር ይረሳሉ። አንቺ እኮ ልጅ ነበርሽ።»

ይህን እኔ ራሴ ለራሴ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አልሠራልኝም። ከእሷ አፍ ሲመጣ ግን ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ መቼ እንዳለቀ አልሰማንም።

አሁን ተረጋጋሁ አልልህም። ትናንትም ማሃኔ የሁዳን ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ። ልዩነቱ ሞራን አብራኝ ትዞራለች፤ እየሄድን ትጠይቀኛለች። እናኑ ምን ትወድ ነበር? ጸጉሯ እንዴት ነበር? ግማሹን አላውቀውም፤ አላውቅም እላታለሁ። ስለ አንተም ትጠይቃለች።

ፈንታዬ፣ ቃልህን ስላፈረስክ ገና ይቅር አላልኩህም። «አንጓቼ፣ አባትሽ እንዲህ ነገሩኝ» ብለህ ቢያንስ አንድ ቀን ልትነግረኝ ይገባህ ነበር። ምናልባት ሞክረህ ይሆናል፤ ምናልባት መጋረጃውን ስዘጋ አይተኸኝ ዝም ብለህ ይሆናል። ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ የማያስቀምጠኝም ይኸው ነው።

እንደማልረሳህ ግን እወቀው። አሳምሬ፣ ጉድፍህን አራግፌ አይደለም የማስታውስህ። ልጃችን ስትጠይቀኝ ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ አባትሽ የሰጠኝን ቃል አፈረሰ እላታለሁ፤ በማፍረሱም እህቴን መለሰልኝ እላታለሁ።

ያንተው
አንጓች