ስለሚያንቀላፋው ላፕቶፕ፣ ለኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ

ለክቡር መምህራችን ኡስታዝ ገብረ ሥላሴ፣
የኮምፒውተር ክፍላችን ሙዲር፣
ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ ሱዳን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የዘንድሮው ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከልጄ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በክፍሉ በር ላይ የለጠፍሁት፣ የልጆቻቸውን ጥሪ የሚጠብቁ ሌሎች እናቶችም ደግነትዎን እንዲያውቁልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት ልጄ ሣህሊቱ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ የምትነካው አሠሪዎቿ ለጥየቃ በሚወጡበት በእሁድ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ እኔም በየእሁዱ ሊኑክስ የሚሉት ፕሮግራም ከተጫነበት ከዚያ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ ጥሪዋን እጠብቃለሁ። ላፕቶፑ ግን እርስዎ ባዘዙት የኃይል ቁጠባ መሠረት፣ ካልነካሁት ስክሪኑን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶም ከነኢንተርኔቱ ይተኛል። አንድ እሁድ ልጄ ስትደውል እፊቱ ቁጭ ብዬ ነበር። ስቀሰቅሰው ጥሪ እንዳመለጠኝ በትሕትና አስታወቀኝ።

ሁለተኛ፣ ይህን ባመለክትዎ፣ «እናቴ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ነው» ብለው በርኅራኄ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። መብራት እያለ፣ ገመዱም ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ሳለ ባትሪው በምን እንደሚያልቅ መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ተውሁት።

ሦስተኛ፣ ከጎረቤቴ ከራዲያ ጋር ሆነን ቅንብሩን ፈልገን አገኘነው። እንዳይተኛ ልናደርገው ስንል ግን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀን፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ገዳሪፍ ስብሰባ ሄዷል። ስለዚህ በቀጣዩ እሁድ ማውዙን እየነካካሁ ዋልሁ። ራዲያ፣ «ሌላዋ እናት ልጇን ታስተኛለች፣ አንቺ እንዳይተኛ ትነቀንቂዋለሽ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ብድግ ባልሁበት ተኛ። ስመለስ ይህን መልእክት አገኘሁ፦ «እማዬ፣ ዛሬም አላነሳሽም። ተቀይመሽኝ ነው? ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱኝ ነው፤ እዚያ ስልክ አይፈቅዱም አሉ።»

«አልተቀየምሁም ልጄ» ብዬ ጻፍሁላት። እስካሁን አላነበበችውም።

ከስብሰባው ሲመለሱ ቅንብሩን በገዛ እጅዎ ስላስተካከሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሥራው አንድ ሽንኩርት የመላጥ ያህል እንኳ አልፈጀብዎትም። ላፕቶፑም ከዚያ ወዲህ አይተኛም፤ እሁድ እሁድ ሁለታችንም ነቅተን እንተያያለን። የሚደውል ግን የለም።

የልጆችዎ ድምፅ ከቤትዎ እንዳይጠፋ ዘወትር የምትጸልይ፣ አክባሪዎ፣
ዕፀገነት እንግዳው
የሣህሊቱ እናት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በቢሮዎ በኩል ሳልፍ፣ ማራገቢያዎ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲሽከረከር በመስኮት አየሁት። እሱንም ኃይል ቆጣቢ ላይ ያድርጉት ብዬ አላስቸግርዎትም። ብቻውን ስለዋለ አሳዘነኝ እንጂ።