ስለ አንድ ነጥብ ሁለትና ስለ አባቴ ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ገብረዋህድ፣ የካዛንቺስ ዕድራችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ተሽሎት፣ ደም ግፊትዎም ረግቶ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በሙሉ ጤና ሆነው እንዲያነቡት አጥብቄ እፈልጋለሁና።

ሰፈራችን ፈርሶ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተኑ በኋላ፣ ለቀስተኛ መንገድ እንዳይጠፋው ብለው የእያንዳንዱን አባል ብሎክ፣ ስምና ስልክ የሚያሳይ ካርታ ለዕድሩ ድረ ገጽ እንድሠራ እኔን፣ የአባልዎን የአቶ አብርሃን ልጅ፣ ስላዘዙኝ ዛሬም አመሰግናለሁ። ካርታው ቢያጎሉት በማይደበዝዘው፣ ኤስቪጂ በሚባለው የአሣሣል ደረጃ እንደሚሠራ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሰምተውኛል። የዚህን ደረጃ ሁለት እትሞች አቀረብኩልዎ። አንድ ነጥብ አንድ ጽሑፉን መስመር በመስመር በእጅ መደርደር ይጠይቃል፣ ግን በሁሉም ብራውዘር ይነበባል። አንድ ነጥብ ሁለት በጊዜው ለነበሩ ትንንሽ ስልኮች የወጣ ነው፤ ጽሑፉን ራሱ ይደረድራል፣ ግን አብዛኛው ብራውዘር ያንን ጽሑፍ ዘሎት ያልፋል። እርስዎም ሁለት ከአንድ እንደሚበልጥ በትዕግሥት አስረድተውኝ፣ ዕድራችን አሮጌ ነገር አይወድም ብለው በቃለ ጉባኤ አስወሰኑ። ስለ ሒሳብ ትምህርቱ ባለውለታዎ ነኝ።

ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥር አባቴ ሲሞት ለቀስተኞቹ ደምበል ተገናኝተው በታክሲ መጡ። ስልካቸውን ሲከፍቱ ብሎኩ አለ፣ መንገዱ አለ፣ የሰው ስም ግን የለም፤ የሚደውሉበት ቁጥርም አብሮ ጠፍቷል። አንዱ ሕንፃ ከሌላው በማይለይበት ግቢ ሲዞሩ ዋሉ። እርስዎም በኋላ ከቀብር ቀርተዋል ብለው ቀጧቸው።

ሁለተኛ፤ አይሱዙው ድንኳኑን ከማያውቁን ሰዎች ደጅ አራግፎ፣ ነዋሪዎቹ ማን ሞቶብን ነው እያሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ አረፈዱ። በካዛንቺስ የማንንም ድንኳን ካስማ ሳይመታ የማይውለው አባቴ ያለ ድንኳን ወጣ። እናቴ ደረጃው ሥር ቆማ ዘወር ዘወር እያለች፣ ሰውን ምን አድርገነው ነው አለችኝ። ይህን አልረሳልዎትም።

ሦስተኛውን በጨዋ ቃል ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። በሰልስቱ ዕለት በለቀስተኛው ፊት ቆመው ጥፋቱ የልጅቷ ነው አሉ፤ ይህን ሲሉም የአባቴን ንፍሮ እየዘገኑ ነበር።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለእኔም ቀኑ እስኪደርስ የምጠብቅበትን ትዕግሥት ይስጠኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ያዘዙትን ሁሉ የምትፈጽመው ልጅዎ
እጸገነት አብርሃ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ካርታውን በአንድ ነጥብ አንድ እንደገና ሠርቼ ትናንት ድረ ገጹ ላይ አውጥቼዋለሁ። የአባላቱ ሁሉ ስምና ስልክ ወለል ብሎ ይታያል። የእርስዎን ብቻ በመረጡት በአንድ ነጥብ ሁለት ትቼዋለሁ፤ የጉባኤ ውሳኔ መሻር ነውር ነውና። ብሎክዎ ግን በደንብ ይታያል።