በወጪ ሳጥን ያደረ መርዶ

እሑድ 16/11፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ያው ቢጫ ምልክት። የእድሩ ኢሜይል ሳጥን ሊሞላ ነው ይላል። ሰንበትበት ብሏል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ። አንተ ደብተር ብትሞላ ሌላ እገዛለሁ። እሱ ግን ሲሞላ ጭራሽ አልልክም ይላል አሉ።

እዚህ እስራኤል እሑድም ሥራ ነው፤ ከምሠራበት ሙዓለ ሕፃናት ተመልሼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ «የተላኩ» የሚለውን ከፈትኩ። የስንት ዓመት የእድር ጸሐፊነቴ ሥራ። የስብሰባ ጥሪ፣ ድንኳን ማን ያመጣል፣ ከቂርያት ማላኪ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይነሳል። አንድ የሠርግ ፎቶ ለሁሉም ሰው ደጋግሞ ተልኳል። ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቆዩ፣ ፎቶው ግን ቦታ እንደያዘ ነው። አጠፋሁት።

ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ዋትሳፕ እያለ ኢሜይል? ዋትሳፕማ ነበረን። አንዲት አባላችን የወንድሟን ሞት አውቶቡስ ውስጥ በስልኳ አንብባ፣ ገዴራ ላይ ከመሬት አነሷት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ቆረጡ። መርዶ በሰው አፍ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ለአባላት ማስታወቂያው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በኢሜይል። ኢሜይል ዝግ ያለ ነው አሉ። እኔም አመንኳቸው።

ሰኞ 17/11

አ. ታረቀኝ ከገዴራ ደወሉ። የእድራችን ሰብሳቢ አባ ታረቀኝ፤ ታውቃቸዋለህ፣ ባለፈው ዓመት ግማሽህን የሞሉት የሳቸው ጭቅጭቆች ናቸው። ጎንደር ላይ አያ ካሳሁን ዐረፉ። ያቭነ ያለችው የየሺ አባት። ወደዚህ የመምጫ ተራቸውን ሲጠብቁ አለፉ። ምስኪን፣ ሻንጣቸውን ገዝተው ነበር።

የሺ ደግሞ አራስ ናት። ሴት ልጅ፣ ገና ሳምንቷ። ሽማግሌዎቹ እኔን ሳይጠይቁ መክረው ጨርሰዋል። ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይነጥፋል። የአራስነት ሰማንያ ቀኗ ይሙላና ይነገራታል። ባሏ ስንታየሁ ያውቃል። ስልክሽን ላሠራልሽ ብሎ ወስዶ ሸሽጎታል። ጎረቤቱ ሁሉ አፉን እንዲይዝ ተነግሮታል። አባሎቻችንም ጆሮ ለጆሮ ሰምተው ዝም ብለዋል።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ማስታወቂያውን ከወዲሁ ማዘጋጀት ነው። ቤሰደር፣ እሺ አልኩ። ጻፍኩ። አሠራሬን ታውቃለህ፤ ኢንተርኔቱን ዘግቼ እጽፋለሁ፣ «ላክ» እላለሁ፣ መልእክቱ ወጪ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እንደ ሊጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ አንብቤ፣ አርሜ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን እከፍታለሁ። በዚህ አሠራር አፍሬ አላውቅም። ይኼኛውን ግን ነገ አንብቤ ወደ ረቂቅ አዛውረዋለሁ፣ ቀኑ ሩቅ ነው።

ተቀባይ፦ እንደ ወትሮው ሁሉም አባላት።

ረቡዕ 19/11፣ ከሰዓት

ከየት ልጀምር።

ትናንት ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። ዝናብ፣ ሕፃናቱ ሁሉ ጉንፋን፣ እኔም ከነሱ ተጋባብኝ። ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ይህን የሞላ ሳጥን ልገላገለው ብዬ ተቀመጥኩ። ትልልቁን ሁሉ አጠፋሁ። ቢጫው ምልክት ንቅንቅ አላለም። መመሪያውን ሳነብ፣ እዚህ ያጠፋሁት ዋናው ማከማቻ ጋ የሚጠፋው ኢንተርኔቱ ሲከፈት ነው። ከፈትኩት።

ታች በኩል «በመላክ ላይ» አለ። ምኑ? ምን ጽፌ ነበር?

«የተላኩ» ውስጥ ከሁሉም በላይ፦ የሐዘን ማስታወቂያ፣ አያ ካሳሁን። ለሁሉም አባላት። የሺ አባል ናት።

መልሶ መጥሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ተጫንኩት። የሚሠራው ባንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ላሉ ብቻ ነው አለኝ። ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስንታየሁ ጋ ደወልኩ። ጋን ያቭነ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ሲያነሳ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እየሄድኩ ነው ብሎ ዘጋው። ቤት ላፕቶፕ አለ። የሺ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ አራስም ሆና የመሥሪያ ቤቷን ኢሜይል ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ የእድሩም መልእክት እዚያው ይገባላታል። ስልኩን ሸሸግን፣ ጎረቤቱን አፍ አስያዝን፣ ያንን በር ማንም አላሰበውም። በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔው።

በኋላ። ስንታየሁ ደወለ። ሲገባ እናትም ልጅም ተኝተዋል። ላፕቶፑን ከፈተ። መልእክቱ በደማቁ እንደተጻፈ ነው፣ አልተነበበም። አጠፋው፤ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አጠፋው። አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽህ።

ለአ. ታረቀኝም ነገርኳቸው። እግዜር አተረፈን አሉ። ቀጥለው ደግሞ ስለ ማሽን ረጅም ተግሣጽ። ይገባኛል፣ ሰማሁ።

አርብ 21/11፣ ሻባት ሳይገባ

ስንታየሁ ደወለ፣ ድምፁ ቀለል ብሎታል። የሺ አርብ አርብ ለአባቷ ሳትደውል የሰንበት ሻማ አታበራም። ባለፈው አርብ የልጅቷን ልቅሶ በስልክ አሰምታቸው ነበር፤ አያ ካሳሁንም እልል ብለው ነበር አሉ። ስለዚህ ለዛሬ ውሸት አዘጋጅቶ ጠበቃት፣ የጎንደር መስመር ተቋርጧል ሊላት። ሳትጠይቀው ቀረች። ልጅቷ ወጥራ ይዛት ነው ይላል። ተመስገን አልኩት።

ሳህን ሳጥብ ነገሩ አልወርድ አለኝ። እንዴት ነው ሳትጠይቅ የቀረችው?

እሑድ 23/11

ቢጫው ምልክት አሁንም አለ። ዛሬ «ደረሰኝ» የሚለው ማኅደር ተራ ነው። አባላት የእድሩን መልእክት ሲከፍቱ፣ መከፈቱን የሚነግር አጭር መልስ በራሱ ይመጣል። እኔ ድሮ ቀጥታ ወደዚያ ማኅደር እንዲገባ አድርጌ ረሳሁት። ማን ያየዋል? ክምር ነው። ሁሉንም መርጬ ላጠፋ ስል ከላይ ካሉት ስሞች አንዱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

የሺ። «ተከፍቷል»። ረቡዕ።

ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ስንታየሁ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። ገና ለእሱ ስደውል ሳለሁ አንብባዋለች።

ታዲያ ደማቁ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት አልቆየሁም። ይህን ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ያነበበውን እንዳልተነበበ አድርጎ መመለስ ይችላል፤ እሷ መሥሪያ ቤት ስትውል የምታደርገው ነው። አንብባ ወደ ደማቁ መለሰችው። ከዚያ ልጇ አጠገብ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ሲገባ ተኝታለች አለ።

ከረቡዕ ጀምሮ ብቻዋን። ማንም አልነገራትም፣ ስለዚህ ማልቀስ አትችልም። ብታለቅስ ባሏ ሊደነግጥ፣ እኔ ልዋረድ፣ ሽማግሌዎቹ ሊያፍሩ። እኛ ለእሷ ስንጠነቀቅ፣ እሷ ለእኛ ስትጠነቀቅ። ንድድ ብሎኛል። በማን እንደሆነ አልለየሁም፤ ከራሴ ነው የምጀምረው።

ሰኞ 24/11

አብሽ በጥብጬ ያቭነ ሄድኩ። በሩን የከፈተው ስንታየሁ ነው፤ በዓይኑ አደራ አለኝ። ገና አልነገርኩትም። የሺ ሶፋው ላይ ናት። ዓይኗ አብጧል፣ እንቅልፍ ነው ትላለች። ልጅቷን አቀፍኩ። ጠረጴዛው ላይ ጡጦ አለ። እያየሁት ሳለ አየችኝና ወተቴ አንሷል አለች፣ እንደ ዋዛ። ስለ ዝናብ አወራን። ስንታየሁ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ቆሻሻ ሊጥል ወረደ። አሁን ልንገራት አልኩ፣ ምላሴ እምቢ አለ። መርዶ አንድ ሰው የሚነግረው ነገር አይደለም፣ ያውም ያበላሸው ሰው። እሷ የልጅቷን ብርድ ልብስ እያስተካከለች፣ ሳታየኝ፦

«እትዬ ትርንጎ፣ ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

ልጅቷን ሊያዩ ነው? አልኳት፣ እንደ ጅል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይምጡ በያቸው። ደክሞኛል።»

የስንታየሁ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። ወዲያው ስለ ክትባት ማውራት ጀመረች፣ ድምጿ ሳይለወጥ። ይህን ስንት ጊዜ ተለማመደችው?

ወደ ቤት አልሄድኩም። ከያቭነ ቀጥታ ገዴራ፣ አ. ታረቀኝ ጋ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ደረሰኙንም ጡጦውንም። መጀመሪያ ተቆጡ። ሰማንያ፣ ወግ፣ ወተት። ወተቱማ ነጥፏል አልኳቸው። ደግሞ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ መርዶ የሰማ ሰው ሺቭዓ፣ የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ የሚቀመጠው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰባቱን ቀን ልንነሳት ነው? ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ካወቀች ታዲያ ምኑን እንነግራታለን አሉ። ማሽን አሳወቃት እንጂ ሰው አልነገራትም አልኩ። ልጅ ወልዳ ብቻዋን ታልቅስ የሚል ወግ የለንም።

መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስል ጣታቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ መነጽሬን አምጪ አሉና ስልካቸውን አንስተው ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ደወሉ። መጨረሻ ለስንታየሁ። እሱ በስልኩ ሲያለቅስ እኔም ሰማሁት።

ማክሰኞ 25/11፣ ማለዳ

ተወስኗል። ዛሬ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ከዚህ ከቂርያት ማላኪ የምንሄደው በአንድ መኪና ነው፣ ከገዴራ አ. ታረቀኝ፣ ከያቭነ የየሺ አክስት በሩ ላይ ይጠብቁናል። ስንታየሁ ልጅቷን ይይዛል።

ስለ ኢሜይሉ ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። እንዳልሰማች አድርገን፣ ከመጀመሪያው፣ በወጉ እንነግራታለን። እሷም እንዳልሰማች ሆና ትሰማናለች። ከዚያ ከነድምጿ ታለቅሳለች፣ እኛም አብረናት።