የእግርህ ጉድጓድ

ይድረስ ለደምሴ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። ከተለየኸኝ ሁለተኛው መስከረም ጠባ። ሙት ዓመትህንም አወጣን፤ ሰዉ ከእንግዲህ ይብቃሽ ይለኛል። ምኑ እንደሚበቃኝ አላውቅም።

ያ ስታወራው የምስቅብህ ቤት ተሠራ። የከተማ እንግዳ ሰንብቶ፣ በግ ከመሸለት ጀምሮ የሚለበሰውን የጠጉር ባና እስከ መሥራት የሚማርበት ቤት። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው፤ ተከልሎ የኖረውን ማጨድ ሲፈቀድ ሰፈሩ ሁሉ ወጣልን። እንዳልከው የሱቅ ክርና የሱቅ ቀለም ደጃፉን አያልፍም፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ። መፍተል የማስተምረው እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ብርሃን ሥር ማን ይቀመጥ ብለን እንደተጣላን ታስታውሳለህ? አንተ ለሽመናዬ ስትል፣ እኔ ለፈታዮቼ ስል። ተውኩልህ። ምን ያደርጋል፣ አንተ አትቀመጥበት።

ግድግዳው ሳይቆም ነበር የሽመና ጉድጓድህን የቆፈርከው። እግርህን ሰደህበት፣ ሜዳ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠህ ስትስቅ አሁንም ይታየኛል። ቤቱ ሳያልቅ ታመምክ።

አሁን ሽመናውን የሚያስተምረው ወንድምህ ታደሰ ነው። ቁመቱን ታውቀዋለህ። ጉድጓድህ ውስጥ ሲገባ እግሩ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ መርገጫው አልደርስ አለው። ሌላ ቆፍር ብዬ ለመንኩት፤ የቀረው ወለል ከሥሩ አለት ሆነበት። አንገቱን ደፍቶ፣ ትንሽ አፈር ይጨመርበት አለኝ።

ጮህኩበት ደምሴ። ሰው ፊት ጮህኩበት። አንተን አፈር ሲያለብሱህ አይቼ ደግሞ ይህን ልይ? ተኮራርፈን ሰነበትን። እንግዶቹ ግን ለመስቀል ማግሥት ይመጣሉ። ቤቱ አንተን አጥቷል፤ ሸማኔም ካጣ ምኑን ቤትህ ሆነ?

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። ከጥቁሩ በግ የፈተልኩትን ክር ከጉድጓዱ አፍ እስከ ታች ለክቼ ቋጠርኩት። ከጉልበትህ እስከ ተረከዝህ ማለት ነው። ከዚያ አፈሩን በእንቅብ እያመጣሁ በእጄ ጨመርኩ። የቀብርህ ዕለት እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። የዛሬውን ራሴ አደረግሁት። እየጠቀጠቅሁ አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

ነገ ታደሰ ይቀመጥበታል። ቤትህ ይከፈታል። ክሩን ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ፤ ሲያረጅ በልኩ ሌላ እፈትላለሁ። በሕይወት እስካለሁ የእግርህ ልክ አይጠፋብኝም።

ያንተው በላይነሽ